የአልጋ ወራሹ የጡት እናት

ሉባባ ዓሣ ስታሰናዳ የሚያናግራት ሰው አትወድም። «ቢላዋ የያዘ ሰው ወሬ አይዝም» ትላለች፤ ይህን ስትል ግን ከሁሉ በፊት ወሬ የያዘችው ራሷ ናት። ጣና ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚያራግፉበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ በቆርቆሮ የተከደነች ቤት አለቻት። ጧት ከአጥማጆቹ ቀረሶና አምባዛ ትቀበላለች፣ ትፍቃለች፣ ትሰነጥቃለች፣ እኩለ ቀን ላይ ምጣዷን ጥዳ ትጠብሳለች። ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ባሏ ሙሔ የልጁን ፊት ሳያይ ማዕበል ጣና ላይ ካስቀረው ጀምሮ ሌላ ባል አላገባችም።

ሰፈርተኛው «የንጉሥ እናት» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት ጎረቤቷ፣ ሻይ ሻጯ ፀሐይወርቅ ናት፤ ፀሐይወርቅ ስም ካወጣች ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ እንኳ አይሽረውም። ስሙ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ሉባባ በወጣትነቷ ባሕር ተሻግራ በአንዲት የዐረብ አገር ገዥ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የገዥውን የበኩር ልጅም በጡቷ አሳድጋለች። የአገሪቱን ስም አልጠራውም። ካርታ ላይ አንዲት ምስር ጣል ቢያደርጉባት የምትሸፈን አገር ናት፤ ነገር ግን ከሥሯ ነዳጅ አለ፣ ከላይዋ ደግሞ እርስ በርሱ የሚፈራራ አንድ ትልቅ ቤተሰብ።

ልጁ ዓሲም ይባላል። የሰው ልጅ ሲያድግ ሞግዚቱን ይረሳል፤ ዓሲም ግን አልረሳም። ለዒድ ለዒድ ድምፁን ቀድቶ ይልክላታል። «ዩማ» ነው የሚላት፤ በእነሱ አነጋገር «እማየ» ማለት ነው። ያችን ቃል ለመስማት ሉባባ መልእክቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ትከፍተዋለች።

በዚያ ሰኞ ረፋድ ላይ የመጣው መልእክት የዒድ አልነበረም።

«ዩማ፣ ዱዓ አድርጊልኝ» አለ የዓሲም ድምፅ። «አባቴ ከአልጋ መነሣት ተስኖታል። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ትናንት ተቀምጠው ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ልሆን ነው።»

ሉባባ ቢላዋዋን ወርውራ እልልታዋን ለቀቀችው። ከጀልባ ላይ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩ። ፀሐይወርቅ ብርጭቆ እንደያዘች ሮጣ መጣችና ነገሩን ስትሰማ አገጯን ይዛ፣ «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ! እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የዓሣ ሽታ አለ ብሎ የሚናገርሽን አየዋለሁ» አለች። ተሳሳቁ። ሉባባ እንባዋ እየወረደ፣ ቅርፊት በተጣበቀበት ክንዷ ፊቷን እየጠረገች ሁለተኛውን መልእክት ከፈተች።

«አጎቴ ተራው የእሱ ነበር፤ ታውቂያለሽ» ይላል ዓሲም። «ለአባቴ ታናሽ ነውና አልጋው ወደ እሱ ይሄድ ነበር። በባዶ እጁ አይለቅም። ስለዚህ ልጁን ዱሐን አገባለሁ። ከእሷ የሚወለድ ወንድ ልጅ ከእኔ በኋላ ይነግሣል። የሁለቱም ቤት ይጠቀማል፤ ማንም አይቀየምም። ኒካሑ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ ቃለ መሐላው በማግሥቱ፣ ዓርብ።»

ሉባባ የሙሽራዋን ስም ስትሰማ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ሳይጠፋ እዚያው ደረቀ። ፀሐይወርቅ «ምነው?» አለቻት። «ምንም» አለች፤ ቢላዋዋን ከመሬት አነሣችና የተፈቀ ዓሣ እንደገና መፋቅ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉባባ ከባሕር ዳር የወጣችው ልጇ ሱምያ የሦስት ወር ሕፃን ሳለች ነበር። ሙሔ ሞቷል፣ ጀልባው ሰምጧል፣ ከአማቶቿ ቤት የሚበቃ ነገር የለም። ወደ ዐረብ አገር የሚልካት ደላላ፣ «ልጅ አለኝ እንዳትይ። ልጅ ያላት ሴት ልቧ እዚህ ነው ብለው በመጣሽበት አውሮፕላን ይመልሱሻል» አላት። እናቷ ሐቢባ ሕፃኗን ተቀበለች። አንዲት ፍየል ገዙ። ሐቢባ ሕፃኗ የፍየል ወተቱን እየተፋች ስታለቅስ፣ «ይኸው የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብላ ማልቀሷን ሉባባ የሰማችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ቤተ መንግሥት በገባች በሦስተኛው ቀን፣ ምንጣፍ እያራገፈች ሳለ ከግድግዳው ወዲያ አዲስ የተወለደው ልጅ አለቀሰ። ጡቷን በነጠላ ቁራጭ ጥፍር አድርጋ አስራ ነበር፤ ጡት ግን ደላላ የሚለውን አይሰማም። ወተቱ ልብሷን አልፎ ወረደ። የገዥው እናት፣ ቤቱ ሁሉ «አሮጊቷ» የሚላቸው ሴት፣ በዚያው አለፉና አዩት። ልጃቸው የወለደው ሕፃን የእናቱንም የጡጦውንም ወተት አልቀበል ብሎ ከስቶ ነበርና፣ ዓይናቸው የሉባባ ደረት ላይ ቀረ።

«ልጅሽ የት አለ?» አሉ በአስተርጓሚ።

ሉባባ ደላላው ትዝ አላት፣ አውሮፕላኑ ትዝ አላት፣ ባዶው ቤት ትዝ አላት። «ሞታለች» አለች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አሮጊቷ አዘኑላት። «አላህ የወሰደብሽን ተካልሽ» አሉና ዓሲምን እቅፏ ላይ አኖሩት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በዚያ አገር ሱምያ የሞተች ልጅ ናት። ሉባባ ቃሏን ልትመልሰው ብዙ ጊዜ አስባለች፤ ነገር ግን ዛሬ ነገ ስትል ዓመት አለፈ፤ ዓመት ያለፈው ውሸት ደግሞ የቤቱ ዕቃ ይሆናል፣ ከቦታው ቢነሣ ሁሉም ሰው ያየዋል። አገሯ ከተመለሰች በኋላም አልተናገረችም። ዓሲም ሲደውል ስልኳን ይዛ ከጓሮ ትወጣለች። ሱምያ እናቷ ልዑሏን ከእሷ የምትደብቅ ይመስላታል። ሉባባ የምትደብቀው ግን ሱምያን ነው።

ዱሐ የመጣችው በዓመቱ ግድም ነው። የገዥው ወንድም ሚስት ወልዳ ደም አልቆም አላትና ለሕክምና ወደ አውሮፓ ተወሰደች። ከመሄዷ በፊት «ልጄ የገረድ ጡት እንዳትጠባ» ብላ አስምላ ሄደች። ሕፃኗ ደግሞ ጡጦውን ስትገፋ ውላ ስትገፋ አደረች። አሮጊቷ ሕግ ያውቃሉ፣ ሰውም ያውቃሉ፣ የሃያ ዓመት ወዲያውንም ያያሉ። ሉባባን ለብቻዋ ጠሩና አራት ጣታቸውን አቆሙ።

«አራት ጊዜ ብቻ» አሉ። «በእኛ ዑለማዎች ዘንድ አምስት ጊዜ የጠባ ልጅ የአጥቢዋ ልጅ ይሆናል፤ አራት ግን አያጸናም። እነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ቀን መጋባት ይኖርባቸው ይሆናል። ወንድምና እህት አታድርጊብኝ።»

አራቱን ጊዜ ራሳቸው ቆመው ቆጠሩ። ከዚያ ሕፃኗን አራቁ፣ ጡጦ አስያዟት። ሕፃኗ ግን አለቀሰች። የምታለቅሰውም እንደ ሱምያ ነበር፤ መጀመሪያ ለስለስ አድርጋ፣ ማንም እንደማይመጣ ስታውቅ ደግሞ ከአንጀቷ። ዓሲምን ሉባባ ያጠባችው ታዝዛ ነው፤ በኋላ ብትወደውም። ያችን ልጅ ግን ማንም ሳያዛት፣ ጧት አሮጊቷ ለሶላት ሲነሡ፣ ማታ ለዒሻ ሲቆሙ፣ በአገልጋዮቹ በር እየገባች አጠባቻት። ዓይኗን ጨፍና ሱምያን እንዳቀፈች ታስብ ነበር። እናትየዋ ድና እስክትመለስ አርባ ቀን። አሮጊቷ አራት እንደሆነ አምነው ኖሩ፣ አራት እንደሆነም አምነው ሞቱ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲያበቃ፣ ሉባባ ሸኽ አብዱልበሲጥን መስጊዱ ግቢ ውስጥ፣ ዋርካው ሥር አገኘቻቸው። ሸኹ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ነገር ሲሰሙ ግን የሚያመልጣቸው የለም።

«ሸኽ፣ አንዲት ሴት የሰው ሁለት ልጆች ብታጠባ...» ብላ ጀመረች።

«ወንድምና እህት ናቸዋ! ይህን ልትጠይቂ ነው በዚህ ፀሐይ የመጣሽ?»

«ልጆቹ ሊጋቡ ነው።»

ሸኹ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «አጥቢዋ ማን ናት?»

ሉባባ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁም፤ የንጉሥ እናት መባሏን እሳቸውም ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው አንድ ታሪክ ነገሯት። በነቢዩ ዘመን ዑቅባ የሚባል ሰው ሚስት አገባ። አንዲት ጥቁር ሴት መጣችና «ሁለታችሁንም አጥብቻለሁ» አለች። ባሪያ ነበረች ይባላል፤ ምስክር የላት፣ ወገን የላት። ዑቅባ «ውሸቷን ነው» ብሎ ወደ ነቢዩ ሄደ። እሳቸውም «ይህ ከተባለ ወዲያ እንዴት አብራችሁ ትኖራላችሁ?» የሚል መልስ ሰጡት። ተለያዩ።

«የአንዲት ሴት ቃል ነው ትዳሩን የፈታው» አሉ ሸኹ። «ያውም ማንም ጉዳዬ የማይላት ሴት።»

«ዑቅባ ግን አልጋ ወራሽ አልነበረም፣ ሸኽ።»

ሸኹ ሳቁ። «አልነበረም። ሚስቱን ግን ይወድ ይሆናል። የትኛው እንደሚከብድ አላህ ነው የሚያውቀው።» ከዚያ ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «ስንት ጊዜ አጠባሻቸው? በዚያ አገር አምስት ካልሞላ አያጸናም።»

«ልጅቱን አርባ ቀን። ጧትና ማታ።»

«ሱብሐነላህ።»

«ዝም ብልስ? እነሱ እንደሆነ አያውቁም።»

«የማያውቅማ ምሕረት አለው» አሉ ሸኹ፤ በትራቸውን ተደግፈው እየተነሡ። «እኔ የምፈራው ለሚያውቀው ነው።»

ማታ፣ ሰባታሚት ሰፈር ባለው መኖሪያ ቤታቸው፣ ለሱምያ ነገረቻት። ሁሉንም አልነገረቻትም፤ የሞተች መባሏን አስቀርታ ነው። ሱምያ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዘንዘልማ አዲሶቹ ቤቶች መካከል ባለ መድረሳ ለሕፃናት ቁርኣንና ዐረብኛ ታስተምራለች። መልኳ የእናቷ፣ ረጃጅም ጣቶቿ የሙሔ ናቸው፤ አንደበቷን ከማን እንዳመጣችው ማንም አያውቅም።

«ታዲያ ይጋቡዋ!» አለች የተማሪዎቿን ደብተር እያገላበጠች። «እማየ፣ ስለ እነሱ ስታስቢ ዕድሜሽ አለቀ። አንቺ አሳደግሽው፣ አጎቱ አነገሠው፣ እኔ ምን አገባኝ?»

«በጡት ወንድምሽ እኮ ነው።»

«የእኔ ወንድም? እኔ የፍየል ወተት ጠጥቼ ነው ያደግሁት። ዘመድ ከተፈለገልኝ ፍየሏን ፈልጊልኝ።»

ሉባባ ሳቋ መጣ። ሱምያ ደብተሯን ዘግታ ወደ ጓዳ ገባች።

ረቡዕ ሉባባ ስልኳን አፏ ላይ አድርጋ ሦስት ጊዜ ቀዳች፣ ሦስት ጊዜ አጠፋች። በመጀመሪያው አለቀሰች። በሁለተኛው እንኳን ደስ አለህ ብላ ዋናውን ነገር ረሳችው፤ ወይም የረሳች መሰላት። በሦስተኛው ጀልባ ሞተር አስነሣባት። አራተኛውን ላከችው። «ልጄ ዓሲም፣ አንተና ዱሐ አትጋቡ። ሁለታችሁንም እኔ አጥብቻችኋለሁ። በአላህ ፊት ወንድምና እህት ናችሁ።» ከላከችው በኋላ ልትመልሰው ፈለገች፤ እንዴት እንደሚመለስ ግን አታውቅም ነበር።

ሐሙስ መልስ የለም። ዓርብም የለም። ሉባባ ዓሣ ታሳርራለች፣ ደንበኛ ሲጠራት አትሰማም። አንድ ጊዜ ልጁ በእሷ ቃል የተነሣ ሲወድቅ ይታያታል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ የሚወለደው ሕፃን ይታያታል። «ምነው አፌን በቆረጠው» ትላለች። ወዲያው ደግሞ «አስተግፊሩላህ» ትላለች። ፀሐይወርቅ ሻይ ይዛላት መጥታ፣ «የንግሥና ነገር ከሩቅ ሲያዩት ነው የሚያምረው» ብላ ሄደች፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ ይህም ለፀሐይወርቅ ትልቅ ነገር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱምያ ከዘንዘልማ በሚኒባስ መጥታ እናቷን ልታግዝ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሉባባ እስከ ክርኗ አምባዛ ውስጥ ነበረች፤ አምባዛ ደግሞ የሚያሟልጭ ዓሣ ነው፣ የያዘው እጅ ሌላ ነገር አይዝም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ረጅም ቁጥር ነው።

ሉባባ እጇን ልትታጠብ ስትጣደፍ ሱምያ፣ «ይዘጋብሻል» አለችና በትንሿ ጣቷ ነክታ ድምፁን ከፈተችው።

«ዩማ።»

ድምፁ ቤቱን ሞላው። ሱምያ እንደማትሰማ ሆና ቀረሶ መፋቋን ቀጠለች።

«መልእክትሽን ሰምቻለሁ፣ አትጨነቂ» አለ ዓሲም። ለስላሳ ነው፤ ትንሽ የደከመ ይመስላል። «አያቴ ከመሞቷ በፊት ለአባቴም ለአጎቴም ነግራቸዋለች። አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ ራሷ ቆማ ቆጥራለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ መልእክትሽን ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ሰምቶታል። አሁን ቃዲው ከአፍሽ ልስማ ብለው አጠገቤ ተቀምጠዋል። አራት ነው በይና ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

«አሰላሙ ዓለይኪ» አለ ያረጀ ድምፅ ከጀርባው።

ሉባባ ሰላምታውን መለሰች። ከዚያ አፏን ከፈተች። አራት ቀላል ቃል ነው፤ በዐረብኛም በአማርኛም ቀላል ነው። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ አራት ጊዜ በአሮጊቷ ፊት አጥብታለች። ጆሮዋን ሳይዝ እንቅልፍ የማይወስደው ያ ትንሽ ልጅ ትዝ አላት። ሰባት ዓመት ሲሆነው ፈረስ ጥሎት በእናቱ ፈንታ «ዩማ» ብሎ እሷን መጣራቱ ትዝ አላት። ለእሱ ያልሆነች ለማን ልትሆን ነው? አራት ልትል ምላሷን አነሣች።

ዓይኗ ሱምያ ላይ ወደቀ። ሱምያ አንገቷን ደፍታ ቅርፊት ትፍቃለች። የአንገቷ አጥንት ጎልቶ ይታያል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጭን ናት፣ ሐቢባ «አጥንቷ ወተት አልጠገበም» ትል ነበር። ሉባባ ያን አርባ ቀን አሰበችው። ሰማንያ ጊዜ። ከማን አፍ ተነጥቆ ነበር? አሁን አራት ብትል፣ ሰማንያው አልነበረም ልትል ነው። አልነበረም ከተባለ ደግሞ ሱምያ የከፈለችው ሁሉ አልነበረም።

«አርባ ቀን ነው» አለች።

ከስልኩ ወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ጧትና ማታ። አያትህ አያውቁም ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሸሽጌ ነው ያጠባኋት። ወላሂ።»

ቃዲው የሆነ ነገር አጉረመረሙ። በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። ዓሲም ሲመለስ ድምፁ ወደ ስልኩ ተጠግቷል፤ ብቻውን መሆኑ ያስታውቃል።

«ዩማ፣ ቃዲው ወጥተዋል። ልመልሳቸው እችላለሁ። ተሳስታ ነው፣ አርጅታለች፣ ረስታለች እላለሁ። አንቺ አራት ብቻ በይ። አልጋው እኮ ይሄዳል። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ለእኔ ስትይ።»

«ልጄ» አለች ሉባባ፤ እንባዋ አምባዛው ላይ ይንጠባጠባል፣ ልትጠርገው እጅ የላትም። «ወተቱ የእኔ ቢሆን ኖሮ አራት ባልሁልህ። የሱምያ ነው።»

«ሱምያ ማን ናት?»

የአባቶቹን ትውልድ እስከ አሥራ ሰባት በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ነው ይህን የጠየቀው።

«ልጄ ናት።»

«ልጅሽማ ሞታለች» አለ ዓሲም፤ ግራ ገብቶት። «እኔ የሞተች ልጅ ወተት ነው የጠጣሁት። አያቴ እንዲህ ነው የነገረችኝ። ሕፃን ሆኜ ለዚያች ልጅ ዱዓ አደርግ ነበር።»

የሱምያ ቢላዋ ቆመ። ሉባባ ልጇን ማየት አልቻለችም፤ ወለሉን አየች። ሱምያ ቀስ ብላ ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች፣ ለሕፃናት በምታስተምረው ጥርት ባለ ዐረብኛ አንዲት ቃል ተናገረች።

«አለሁ።»

ከወዲያ ስልኩ ተዘጋ።

ሱምያ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ሁለት ጊዜ ታጠበች። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ?» አለች፤ አልጮኸችም። «እማየ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀብረሽኝ?»

«ፈርቼ ነበር። ይመልሱኛል ብየ። ምን አበላሽ ነበር?»

«አገርሽ ከገባሽ ወዲህስ ማንን ፈርተሽ ነው?»

ሱምያ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ የባጃጅ ድምፅ መንገዱን ይዞ ሲርቅ ተሰማ። በዚያ ሳምንት ዘንዘልማ አብራት የምታስተምር ጓደኛዋ ዘንድ አደረች። ሉባባ ብትደውል አታነሣም። ሁለት ልጅ የነበራት ሴት በአንድ ከሰዓት ሁለቱንም አጣች፤ ያጣቻቸውም እውነት በመናገሯ ነው። እኔ እውነት የተናገረ ሁልጊዜ ይካሳል የሚሉትን ሰዎች አላምናቸውም። ሉባባም በእነዚያ ቀናት አላመነቻቸውም፤ ሆኖም ለሶላት ስትቆም፣ ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ጀርባዋ ላይ ይሰማት የነበረው ነገር እንደሌለ ልብ ብላለች።

ሐሙስ ኒካሕ አልነበረም። «በገዥው ሕመም ምክንያት ተላልፏል» ተባለ። ከጣና ዳር ስለመጣው የአንዲት ዓሣ ጠባሽ ቃል ማንም ምንም አልተነፈሰም፤ ቤተ መንግሥት የራሱን ገመና መሸፈን ያውቅበታል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የዐረቡ ጣቢያ ቃለ መሐላውን አሳየ። ፀሐይወርቅ የሻይ ቤቷን ቴሌቪዥን ለሉባባ ስትል ከኳስ ላይ አዞረችው፤ ያጉረመረሙትን ደንበኞች «እናት ናት፣ አፋችሁን ያዙ» አለቻቸው።

ቃለ መሐላ የተገባለት የዓሲም አጎት ነበር። ሽማግሌዎች፣ ልዑላን፣ መኮንኖች ተሰልፈው እጁን እየጨበጡ ትከሻውን ይስማሉ። ካሜራው ረድፉን ተከትሎ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሉባባ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቶቹን አንድ በአንድ ትቃኛለች፤ ነጭ የለበሱ፣ ጢማቸው የተስተካከለ፣ ሁሉም አንድ የሚመስሉ ወንዶች።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ሱምያ ናት። ማንንም ሰላም ሳትል ገብታ ከእናቷ ጀርባ ቆመች። ሉባባ ዞር ብላ አየቻት።

«የትኛው ነው?» አለች ሱምያ።

ሉባባ ጣቷን አነሣች። ከአጎቱ ፊት፣ ከአንድ ወፍራም መኮንን አጠገብ፣ ተራው ደርሶ ጎንበስ የሚል ወጣት። ካሜራው ለቅጽበት ፊቱ ላይ ቆየ። ሱምያ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ ዓይኗን አጥብባ ተመለከተችው፤ ተመለከተችው፤ ሌላው ሰው ስክሪኑን እስኪይዘው ድረስ ተመለከተችው።

«ከስቷል» አለች።

«ሲከፋው አይበላም» አለች ሉባባ፤ ከዚያ በኋላ እንባዋን የሚያቆም አልነበረም።

ሱምያ ባዶ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።